ያለበት ሁኔታ

«ያለበትን ሁኔታ ጻፍልኝ» አለችኝ
ሰዓዳ፣ የመጋዘን ሹሙ የአባ ሜጫ ልጅ፣
በአቡጀዲ ጠቅልላ አምጥታ ስትሰጠኝ፣
እንዳተኮሰው ሕፃን፣ ከእጅ ወደ እጅ።
«የሚገዛ ሰው አለ፣ አዲስ አበባ፤
እንዳትጠግነው አደራ፤ ያየኸውን ብቻ አስገባ።»

እሺ አልኳት። እርሳሴን ከጆሮዬ አወረድኩ፣
የሂርማታን ዝናብ ደጅ ትቼ መብራት አበራሁ፣
በርጩማ የሚጠርብ እጄን በጨርቅ ጠረግኩ።

ሆዱ ጥድ ነው፤ የእኛ ጥድ ግን አይደለም፤
ብርድ ያሳደገው፣ መስመሩ የጠበቀ፣ እንደ ጎበዝ ሸማኔ ድር።
የጀርባውን እንጨት ስሙን አላውቀውም፤
ብርሃን ሲነካው ይሄዳል፣ እንደ አዌቱ ውሃ በጥር።

አገጭ የሚያርፍበት ቀለሙ ተልጧል።
ድልድዩ የለም። የአንገቱ ጥቅልል ወደ ግራ አጋድሏል፤
ይህንን ከጉዳት አልቆጥረውም፤
መኪና እንዲህ አይሳሳትም፤
በቢላዋ ነው፣ በኩራዝ፣ ቀን ያረሰ ሰው አምሽቶ፣
እንቅልፉን በእንጨት አታልሎ፣ ተሳስቶ።

በቀዳዳው ባትሪ አበራሁ፤ በእርሳስ የተጻፈ አለ፤
ልጄ ፎዚያ አነበበችው፦ «ኦሃዮ» ይላል፣
አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ይላል።
የሠሪውን ስም ነቀዝ በልቶታል፤
ስሙን ብቻ። ዓመቱንና አገሩን ምሮታል።

ምሰሶው ወድቋል።
(ውስጡ እንደ ጎጆ ምሰሶ አለው፣ ከጣት የማይወፍር በትር፤
እሱ ካልቆመ ድምፁ ቤት አልባ ነው።)
ሲነቀነቅ ይንኳኳል፣
ጀንፈል ውስጥ እንደ ደረቀች ፍሬ።
ከአራቱ ጅማት አንዱ አለ፤ እሱም የስልክ ሽቦ ነው።
ጎን ለጎን ስፌቱን ክረምት ፈትቶታል፣
በጋ ሊገጥመው ሞክሮ ትቶታል።

እስከዚህ ቀላል ነበር።

ከዚያ ስንጥቁን አየሁት፤ ከቀኝ ቀዳዳው እስከ ጠርዝ፣ አንድ ስንዝር።
ከውስጥ ተለጥፏል፤ ዋንዛ ነው፣ ጣት የሚያህል ውፍረት፣
ሁለት የሣጥን ምስማር ተመቶበት።
«ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው?» ብዬ
ልጽፍ ስል፣ ቆመ እርሳሴ።

የዋንዛው ጫፍ ላይ ሁለት ጭረት አለ፤ አንዱ አጠር ይላል።
ያን ጊዜ ሁሉም ሥራዬ ላይ እጭረው ነበር።
አሥራ አራት ዓመቴ ነው። አለቃዬ ሙዘይን ለቅሶ ሄዷል።
የኮሌጁ ፈረንጅ፣ ረጅሙ፣ የዶሮ እርባታ የሚያስተምር፣
ጎንበስ ብሎ ከበሩ ገባና ይህን እጄ ላይ አስቀመጠ፤
«ትችላለህ?»
አዎ አልኩት። ያን ጊዜ ለሁሉም መልሴ አዎ ነበር።

በማግስቱ ሲወስደው
ጣቱን በቀዳዳው ሰደደው፣
ምስማሩን አገኘው።
ዝም አለ፣ ዝናቡን አየ፣ ሁለት ብር ሰጠኝ፤
«ጥሩ ነው» አለ፣ በአማርኛ፣ ጠበቅ አድርጎ ጨበጠኝ።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ በግቢው አጥር ሳልፍ
ሲጫወት እሰማው ነበር፤
ከዜማው ሥር አንድ ነገር ጥዝዝ ይል ነበር፣
ጠርሙስ ውስጥ እንደ ገባች ንብ።
እኔ ደግሞ፣ የአሜሪካን ሙዚቃ እንዲህ ነው ብዬ፣
ደረቴን ነፍቼ አልፍ ነበር፣ ጥዝዝታው የእኔ መሆኑን ሳላውቅ።

ሄደ። ሁሉም ሄዱ። ዕቃው መጋዘን ቀረ፤
ከሚዛንና ከተሰበረ ወንበር ጋር ኖረ።

ወረቀቱን ገለበጥኩ። ጻፍኩ፦
«ስንጥቅ አለው። ተጠግኗል። ጅማ ውስጥ።
የጠገነው ተማም አባ ፊጣ፣ ያኔ የማያውቅ።
ምስማሩ አልዛገም። ለማውጣት የሚሞክር ሰው
እንጨቱን ይሰነጥቃል፤ ይተወው።»

ዋጋውን ስንት እንደሚያወርደው አላውቅም።
ሰዓዳ እስክትመጣ፣ አቡጀዲውን ሳልሸፍን፣
ሽቦዋን በአውራ ጣቴ ነካሁ፤ አንዴ፣
በቀስታ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ያህል።

ጥዝ አለ።